የተማሪዎች የቡድን ጉዞ ሥርዓትና የደኅንነት ክትትል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ጉብኝት እንደ ማሳያ

መግቢያ

ተማሪን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ መስክ መውሰድ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያሰማራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ዛሬ የሚደረጉት ጉዞዎች ከእነዚህ አጠር ያሉ ቢሆኑም በቁጥር ግን በዝተዋል። የታሪክ፣ የጂኦግራፊ፣ የሥነ ሕይወትና የቱሪዝም ትምህርት ክፍሎች፣ እንዲሁም የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ይሁን እንጂ የጉዞው ዝግጅት ብዙውን ጊዜ በሁለት ጉዳዮች ላይ ብቻ ያተኩራል፤ አንደኛው የውሎ አበል፣ ሁለተኛው የመኪና ኪራይ ነው። ማን ይቆጣጠራል፣ ማን ያቆማል፣ አደጋ ቢደርስ ማን ምን ያደርጋል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ለጉዞው መሪ መምህር ብልኀት ይተዋሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክፍተት ከወዴት እንደሚመነጭ በማብራራት በምን ዐይነት ሥርዓት ሊሞላ እንደሚችል ማመልከት ነው። ለማሳያነት የተመረጠው የሐይቅ እስጢፋኖስ ጉብኝት ነው።

1. ሐይቅ ለምን ተመረጠ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በደቡብ ወሎ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ሐይቅ ውስጥ ዘልቆ በገባ የመሬት ምላስ ላይ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳማዊ ሥርዓቱን ካጸኑ ወዲህ ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ እንደሆነ በገድላቸው ይነገራል። የገዳሙ አለቃ የሚጠሩበት የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕረግም በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ዘንድ ከፍ ያለ ክብር ነበረው። በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈውና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው ወንጌል ዕድሜያቸው በእርግጠኝነት ከታወቀ ጥንታዊ የግእዝ መጻሕፍት አንዱ ነው።

ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም ስፍራው ከዚህ ያነሰ ጥቅም የለውም። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣውን የአንካርካ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለሆነም የታሪክም ሆነ የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹን ወደዚህ ለማምጣት በቂ ምክንያት አለው። ከዚህም ሌላ መንገድን፣ ውኃን፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓትንና የአካባቢ ጸጥታን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በአንድ ጉዞ ውስጥ ስለሚገናኙበት ለማሳያነት ይመቻል።

2. አደጋው ከወዴት ይመጣል

ሀ. ከመንገድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰዎች 26.7 ያህሉ በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደነበሩ በጊዜው ተገልጿል። ስለዚህ በጉዞ ዕቅድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ጉዳይ መንገዱ ነው።

ነገሩን በአኃዝ መመልከት ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ እስከ ሐይቅ ያለው ርቀት 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። አውቶቡሱ በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ለምግብና ለዕረፍት አንድ ሰዓት ተኩል ሲታከልበት ጉዞው 11 ሰዓት ይሆናል። ከጧቱ 12 ሰዓት የተነሣ ቡድን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በብርሃን ይደርሳል። ተማሪ ሲጠበቅ፣ ነዳጅ ሲቀዳ ቆይቶ ከጧቱ 2 ሰዓት የተነሣው ግን ኮምቦልቻ የሚደርሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላው በተቃረበ አሽከርካሪ በጨለማ ይወጣዋል። ከዚህ እንደሚታየው በዳገቱ ላይ ያለው አደጋ የተወለደው ጧት በግቢው በር ላይ ነው።

ለ. ከውኃ። ሐይቁ ከዳር ሲያዩት ጸጥ ያለ ቢሆንም ጥልቅ ነው፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ዋና አያውቁም። ከመስጠም አደጋ ሌላ የማይታይ አደጋም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሐይቅ ከተማን አዲስ የቢልሃርዚያ መገኛ አድርጎ መዝግቧል። የበሽታው ተውሳክ በቀንድ አውጣ አማካይነት ተራብቶ ውኃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ስለሚዘልቅ እግርን ለመታጠብ መግባት እንኳ ለበሽታው ሊያጋልጥ ይችላል። የናሙና ውኃ የሚቀዱ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የጎማ ቦቲና ጓንት ሊኖራቸው የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሐ. ከጸጥታ ሁኔታ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታግተዋል፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ላይ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። ደሴ፣ ሐይቅና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ያለፈባቸው ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ቆይቷል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሰላማዊ የነበረ መንገድ ዘንድሮም እንዲሁ ነው ብሎ መነሣት አይገባም። ጦርነት ባለፈበት ስፍራ ተማሪዎች ከመንገድ ወጥተው ያልታወቀ ብረት እንዳይነኩ ማስጠንቀቅም የጉዞው መሪ ግዴታ ነው።

3. የቡድን መከፈልና ያልታየው ክፍተት

በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉብኝት ከመንገዱና ከውኃው ይልቅ በዝግጅት ወቅት የሚዘነጋ ሌላ ጉዳይ አለ። ገዳሙ የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነውና እንግዳ ሊያከብረው እንጂ ሊከራከርበት አይገባም። ችግሩ የሚፈጠረው ሥርዓቱ ሳይታሰብበት ጉዞው ሲታቀድ ነው።

50 ተማሪዎች ከሁለት ወንድ መምህራን ጋር ወደ ገዳሙ ደረሱ እንበል። ከተማሪዎቹ 22ቱ ሴቶች ናቸው። መምህራኑ ሁለቱም ማብራሪያውን ለመከታተል ከወንዶቹ ጋር ይገባሉ። 22ቱ ተማሪዎች ለሁለት ሰዓት ያህል ያለ መምህር፣ ያለ ሥራና ያለ ጥላ በሐይቁ ዳር ይቀራሉ። ከመካከላቸው ጀልባ ለመከራየት የሚስማሙ ይኖራሉ፤ እግራቸውን ውኃ ውስጥ የሚነክሩም አይጠፉም። አደጋ ቢደርስ የጉዞው መዝገብ «ሁለት መምህራን አብረው ነበሩ» ይላል፤ አደጋው በደረሰበት ስፍራ ግን አንድም አልነበረም።

ስለዚህ የመምህራን ቁጥር ለጠቅላላው ቡድን ብቻ ሳይሆን ቡድኑ ለሚከፈልበት ለእያንዳንዱ ክፍል ሊታሰብ ይገባል። ቢያንስ አንዲት ሴት መምህርት ከጉዞው መሪዎች አንዷ መሆን ይኖርባታል። ሴቶቹ ተማሪዎች በዚያው ጊዜ የሐይቁን አቀማመጥ የመንደፍ፣ የአካባቢውን ነዋሪዎች የመጠየቅ ወይም የዕፀዋትን ዐይነት የመመዝገብ ሥራ ተሰጥቷቸው ውጤቱ እንደ ወንዶቹ ዘገባ እኩል ነጥብ ቢያዝለት የደኅንነቱም የትምህርቱም ጥያቄ በአንድነት ይመለሳል። ሥራ ያለው ቡድን አይበተንም፤ የትምህርት ድርሻውንም አያጣም።

4. የጉዞ ሥርዓት ዝርዝር

ከላይ ከተገለጹት ምክንያቶች በመነሣት አንድ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሊያወጣው የሚገባው የጉዞ መመሪያ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢይዝ መልካም ነው።

ሀ. ከጉዞ በፊት። የትምህርት ክፍሉ የጉዞውን ዓላማ፣ መስመሩን፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን፣ የማደሪያውን ስፍራ የሚገልጽ ጽሑፍ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ያቀርባል። የተማሪዎች ስም ዝርዝር ከቤተሰብ ስልክ ቁጥርና ከሚታወቅ ሕመም ጋር ተዘጋጅቶ አንዱ ቅጂ በኮሌጁ ይቀራል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ተማሪ ካለ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቃል። በየወረዳው ካለው አስተዳደርና ፖሊስ ስለ መንገዱ ሁኔታ መረጃ ይወሰዳል፤ ይኸውም በጉዞው ዋዜማ እንደገና ይጣራል። ለገዳሙም አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፋል።

ለ. ስለ ተሽከርካሪውና ስለ አሽከርካሪው። የመኪናው የዓመቱ ቦሎ፣ የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ደረጃና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ሰርተፊኬት በዐይን ታይቶ ቅጂው ይያዛል። መድኑ በመኪናው ውስጥ ላሉት ተሳፋሪዎች ምን ያህል እንደሚሸፍን ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ተማሪን በጭነት መኪና ማጓጓዝ፣ ከወንበር በላይ መጫንና በሌሊት መጓዝ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከስምንት ሰዓት በላይ ለሚፈጅ መንገድ ሁለተኛ አሽከርካሪ ይመደብ፤ አለዚያም በመካከል ይታደር።

ሐ. በጉዞ ላይ። ተማሪዎች በ10 በ10 ተመድበው ለየምድቡ አለቃ ይሰየማል። መኪናው ከቆመበት ስፍራ ሁሉ ሳይነሣ ቆጠራ ይደረጋል፤ ቆጠራውም በስም እንጂ በጅምላ አይሁን። የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና አጠቃቀሙን የሠለጠነ አንድ ሰው አብሮ ይጓዛል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ካለ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብስ አይወጣም፤ ሰደርያ ከሌለ ጉዞው በእግር ይሆናል።

መ. ከጉዞ በኋላ። በ5 ቀን ውስጥ አጭር ዘገባ ይቀርባል። ዘገባው አደጋ ደርሶ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሊደርስ ሲል የከሸፈውንም ሁሉ ይመዘግባል፤ የሚቀጥለው ዓመት መምህር ከሁሉ ይልቅ የሚማረው ከዚህ ነውና።

በብዙ ስፍራ ተማሪው «ለሚደርሰው ሁሉ ኀላፊነቱን ወስጃለሁ» ብሎ እንዲፈርም ይደረጋል። ይህ ወረቀት ፍሬንን አያጠብቅም፤ እንቅልፍ የያዘውን አሽከርካሪም አይቀሰቅስም። ተማሪው ስለ አደጋው ዐውቆ መነሣቱን ማስፈረም ጥሩ ነው፤ ፊርማውን በጥንቃቄ ምትክ መቁጠር ግን የተቋሙን ግዴታ መሸሽ ነው።

5. «አይሆንም» የሚል ማን ነው

ዝርዝሩ የቱንም ያህል ቢሟላ ተከታታይ ከሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ከውጭ ዓለም ሁለት ምሳሌዎችን መጥቀስ ይቻላል። በመጋቢት 1993 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በላይም ቤይ በታንኳ ለሥልጠና ከወጡ ተማሪዎች አራቱ ሞተዋል። ከአደጋው በፊት በማሠልጠኛው ይሠሩ የነበሩ መምህራን የጥንቃቄውን ጉድለት ለአስተዳዳሪው በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ሥራውን የሚያስቆም የውጭ ተቆጣጣሪ ግን አልነበረም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለእነዚህ ተቋማት የፈቃድና የቁጥጥር ሥርዓት ያበጀው ከዚህ የተነሣ ነው። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ሴዎል የተባለችው መርከብ ሰጥማ 304 ሰዎች ሲሞቱ 250ው ለትምህርታዊ ጉብኝት የወጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። መርከቢቱ ከልክ በላይ ተጭና ነበር፤ ተማሪዎቹም በየክፍላቸው እንዲቆዩ ተነግሯቸው ታዘዙ።

ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የጉዞው መሪ ጉዞው እንዲሳካ ይፈልጋል፤ ተማሪዎቹ ጓጉተዋል፤ ገንዘቡ ወጥቷል፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል። በዚህ ሰዓት «ሁለት ሰዓት ዘግይተናል፣ ዛሬ አንነሣም» ማለት ለመሪው ከባድ ነው። ስለዚህ ይህን የማለት ሥልጣን ከጉዞው ጥቅም ለሌለው ሰው መሰጠት አለበት። ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ሥር አንድ የጉዞ ደኅንነት ተጠሪ ቢሰይም፣ ተጠሪውም በመነሻው ጧት ከግቢው በር ላይ መኪናውን፣ አሽከርካሪውን፣ ዝርዝሩንና ሰዓቱን አይቶ ካልፈረመ በር የማይከፈት ቢሆን፣ በየምሽቱም ከጉዞው መሪ ጋር በስልክ ቢገናኝ ብዙ ነገር ይለወጣል። ጉዞውን በማቆሙም የሚወቀስ ሳይሆን የሚመሰገን መሆኑ በመመሪያው በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ድርሻ የበጀት ጉዳይ ነው። ሌሊት መጓዝ የሚመጣው ከግዴለሽነት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ሳይታሰብ ከሚጸድቅ በጀትም ይመጣል። የሁለተኛ አሽከርካሪ፣ የማደሪያ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያና የሴት መምህርት ውሎ አበል ወጪዎች በጉዞው ዋጋ ውስጥ ካልተካተቱ መመሪያው መምህሩን የማይችለውን ያዘዋል። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ቅርብ ስፍራን መምረጥ ይሻላል። ለወሎ ዩኒቨርሲቲና ለደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሐይቅ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለአዲስ አበባ ተቋማት ግን ከሦስት ቀን ባነሰ ሊታቀድ አይገባም።

ማጠቃለያ

የመስክ ጉዞን በአደጋ ፍርሃት መሰረዝ መፍትሔ አይሆንም። የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ያየ ዕጩ መምህር ነገ በገጠር ትምህርት ቤት ስለ መካከለኛው ዘመን ሲያስተምር ከመጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ይዞ ይቆማል። ይልቁንም ይኸው ዕጩ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ የሚወጣበት ቀን ይመጣል። በዚያን ጊዜ የሚያደርገው በኮሌጁ ሲደረግ ያየውን ነው። በስም ተቆጥሮ የተጓዘ ተማሪ በስም ቆጥሮ ይጓዛል፤ በጭነት መኪና የተጫነም ይጭናል። ስለሆነም በመምህራን ማሠልጠኛ የሚሠራበት የጉዞ ሥርዓት ራሱ የሥርዓተ ትምህርቱ አንድ ክፍል መሆኑን ተገንዝቦ ማቀድ ያስፈልጋል።