የቀላው ቲዩብ፦ የጊታር አምፕሊፋየር ሲግል ጥፋቱ የላስ ቬጋስ ሙቀት ነውን?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 በላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ፤ በከተማዋ ታሪክ ከፍተኛው ሙቀት ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ የመኪና ባትሪ ቢሞት፣ ስልክ ቢጠፋ፣ ወተት ቢበላሽ ተወቃሹ ሙቀቱ ነው። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር ለሠርግ የሚጫወት ጊታሪስትም፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካሉት የመስታወት ቲዩቦች አንዱ እንደ ፍም ቀልቶ ቢያየው የሚያስበው ይህንኑ ይሆናል። ግምቱ ግን ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ሰውየው አዲስ ቲዩብ ገዝቶ ይተካል፣ አዲሱም በተራው ይቀላል።

አሜሪካውያን ቲዩብ፣ እንግሊዞች ቫልቭ የሚሉት ይህ ዕቃ አየር የወጣለት ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ዙሪያውን የከበበው ፕሌት የተባለ ግራጫ ብረት ደግሞ ከ400 ቮልት በላይ ተሸክሞ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ግሪድ የተባለ ቀጭን የሽቦ ጥልፍልፍ አለ። የግሪዱ ሥራ የበር ጠባቂ ሥራ ነው። ባያስ የሚባል አሉታዊ ቮልቴጅ ስለሚሰጠው ኤሌክትሮኖቹን ይገፋል፤ የሚያሳልፈውም በመጠን ነው። ትራንዚስተር በ1947 ከተፈለሰፈ ወዲህ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቲዩብን ትቷል፤ ጊታሪስቶች ግን ሲበረታ ድምፁን በለስላሳ ሻካራነት ስለሚያጠግበው እስከ ዛሬ አልተለዩትም።

ባያሱ ሲጠፋ ወይም ሲደክም በሩ ይከፈታል። በፌንደር አምፕሊፋየሮች ውስጥ የተለመደውን 6ኤል6ጂሲ እንውሰድ። ፕሌቱ ሊሸከም የሚችለው 30 ዋት ነው። በ450 ቮልት 35 ሚሊአምፒር ቢፈስበት ወደ 16 ዋት ስለሚሆን ምንም አይሰማውም። ባያሱ ወድቆ 100 ሚሊአምፒር ቢፈስ ግን 45 ዋት ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ብረት በዓይን የሚታይ ቅላት ማውጣት የሚጀምረው ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲደርስ መሆኑን ላስተዋለ፣ የክፍሉ ሙቀት ከ25 ወደ 45 ዲግሪ መውጣቱ ቲዩቡን እንዳላቀላው ለመረዳት አያዳግተውም።

ከመደንገጥ በፊት ግን ብርሃኑን መለየት ያስፈልጋል። መካከሉ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ፍካት ማሞቂያው ነው፤ ጤናማ ነው። ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጋር የተጣበቀ ሰማያዊ ፍካትም አያሰጋም፤ እንዲያውም ያምራል። አናቱ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቷልና ቲዩቡ ሞቷል። አደጋው ግራጫው ፕሌት ራሱ ቀይ ነጠብጣብ ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወዲያው ማጥፋት ነው። ዝም ብሎ መቀጠል ቲዩቡን ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የሚወደደውን የውጤት ትራንስፎርመር ጭምር ሊያቃጥል ይችላል።

ክዳኑን ሳይከፍቱ ሊደረግ የሚችል አንድ ምርመራ አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ የቀላውን ቲዩብ ካልቀላው ጋር ቦታ ማለዋወጥ፣ ስፒከሩ መያያዙን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ አብርቶ ማየት ነው። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው። ቅላቱ በቀድሞው መቀመጫ ከቀረ ግን ቲዩቡ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። ሁሉም አንድ ላይ ከቀሉ ደግሞ ለሁሉም ባያስ የሚሰጠው ክፍል ራሱ ተበላሽቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። በዚህ ላይ መሽኮርመም አያስፈልግም፤ ከግድግዳ የተነቀለ አምፕሊፋየር እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ሳይነካ በፊት በሬዚስተር ማፍሰስ፣ ፈስሶ ማለቁንም በመልቲሜትር ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ባለሙያው የኃይል ቲዩቦቹን አውጥቶ በየመቀመጫው 5ኛ እግር ላይ ያለውን የግሪድ ቮልቴጅ ይለካል። በሁሉም ላይ ተመሳሳይ፣ ለ6ኤል6 ብዙ ጊዜ ከ−40 እስከ −55 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ካነሰ ቀዳሚው ተጠርጣሪ አገናኙ ካፓሲተር ነው። ይህ ትንሽ ዕቃ የሙዚቃውን ምልክት እያሳለፈ ከኋላው ያለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ መከልከል ሲገባው፣ ሲያረጅ ያንጠባጥባል፤ አዎንታዊው ቮልቴጅ ወደ ግሪዱ ሾልኮ ባያሱን ይበላዋል። አንድ ጫፉን ነቅሎ ሲለኩ ባያሱ ከተመለሰ ሌባው ተያዘ። የላላ መቀመጫና የተቆረጠ የግሪድ ሬዚስተርም ይህንኑ ያደርጋሉ።

የላስ ቬጋስ ሙቀት ታዲያ ንጹሕ ነውን? አይደለም፤ ግን የሚሠራው በስውርና በዝግታ ነው። ባያሱን የሚያጣሩት ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ናቸው። በተለመደው ስሌት ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በመኪና ኮፈን ወይም ማቀዝቀዣ በሌለው ጋራዥ የሚያስቀምጥ ሰው ቲዩቡን ሳይሆን እነዚህን እያደረቀ ነው። ሲደርቁ ባያሱ ይወርዳል፤ ቅላቱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ዕቃውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አሜሪካ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ይቀንሰዋል፤ ኸርዙን ግን አይለውጠውም። በ60 ኸርዝ ልክ ብቻ የተሠራ የአምፕሊፋየር ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ከወትሮው ይልቅ ይግላል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል፤ «50/60» የሚል ካለበት በዚህ በኩል ችግር የለም።