የጎማ አላይመንት መዛባት በተሽከርካሪ አያያዝና በመንገድ ደህንነት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል ወደ ወልቂጤ፣ በዓለም ገና በኩል ደግሞ ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች በመስቀል ዋዜማ ከወትሮው በላይ ይጨናነቃሉ። በዓሉ የሚከበረው ክረምቱ እንደወጣ በመሆኑ፣ ዝናብ የቦረቦረው መንገድ ገና ሳይጠገን ተሽከርካሪዎች ሰውና ጓዝ ጭነው የሚመላለሱበት ወቅት ነው። በርካታ ባለንብረቶች ከጉዞው በፊት ዘይትና ፍሬን ያስፈትሻሉ። አላይመንት ግን የጎማው ጠርዝ ተበልቶ ሽቦው ብቅ እስኪል ድረስ ይዘነጋል።

አላይመንት ማለት ጎማዎች ከመንገዱም ሆነ እርስ በርሳቸው ያላቸው አቀማመጥ አምራቹ በወሰነው ልክ መሆኑ ነው። ዋና ዋናዎቹ ልኬቶች ሦስት ናቸው። “ቶ” የሚባለው ከላይ ሲታይ የሁለቱ ጎማዎች ፊተኛ ጠርዞች ከኋለኞቹ አንጻር መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው። “ካምበር” ከፊት ለፊት ሲታይ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት መጠን ነው። “ካስተር” ደግሞ ከጎን ሲታይ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ያለው ዘመምታ ሲሆን፣ መሪ ከታጠፈ በኋላ ራሱን ወደ መሃል የሚመልሰው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሦስቱ በቀላሉ የሚዛባውም፣ ጎማ በፍጥነት የሚጨርሰውም ቶ ነው። ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የውጭ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ የቶ ልኬት ከተገቢው በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በድምሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋተጉ ይሄዳሉ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 155 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በአንድ ጉዞ ጎማዎቹ ሦስት ሩብ ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ላይ ተጎትተዋል ማለት ነው። በየቀኑ ለሚመላለስ ሚኒባስ ይህ የጎማ ብቻ ሳይሆን የነዳጅም ኪሳራ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ግን አያያዙ ነው። የቶ መዛባት መሪውን ያዛንፋል፣ ተሽከርካሪውንም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ያዋልለዋል። የካምበር ወይም የካስተር ልኬት በግራና በቀኝ ሲለያይ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። አሽከርካሪው ሳይታወቀው መሪውን በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞ መጓዝን ይለምዳል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው አደጋው ግልጽ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ስለሚያመዝን፣ በሜዳ ላይ ቀላል የሚመስለው ችግር በዚያ ይጎላል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ አንድ ጎኑ የተላጨ ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ መሬት የመያዝ አቅሙ ይዳከማል።

ከመጠን ያለፈ ጭነትም ልኬቱን ይለውጣል። ከቡታጅራ ገበያ በርበሬ በጆንያ ተጭኖበት ኋላው የጎበጠ መኪና የፊት ጎማዎቹ ጫና ስለሚቀንስ መሪው ይቀላል፤ ባዶውን ሳለ የተስተካከለው አላይመንትም እንዳለ አይቆይም።

አሽከርካሪው ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት የጎማዎቹን ነፋስ ማስተካከል ይኖርበታል፤ በአንዱ ጎማ ያነሰ ነፋስ ልክ እንደ አላይመንት ችግር መኪናውን ይስባልና። መንገዶች ውሃ እንዲፈስ ወደ ጠርዝ ስለሚያዘነብሉ ወደ ቀኝ ጥቂት ማዘንበል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ሲቀያየሩ ስበቱም አብሮ አቅጣጫውን ከቀየረ ችግሩ ያለው ጎማው ላይ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲኬድ ብቻ የሚከሰት የመሪ መንቀጥቀጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ እንጂ የአላይመንት ጉድለት አይደለም። ሁለቱን አገልግሎቶች አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው፤ ጎሚስታ ባላንስ ሠራ ማለት አላይመንት ተስተካከለ ማለት አይደለም።

የመሪ ማያያዣዎች፣ ኩሽኔታ ወይም ባሌስትራ ላልተው ሳለ የሚሠራ አላይመንት ከጥቂት ጉድጓድ በኋላ ይበላሻል። ስለዚህ የላላው ክፍል በቅድሚያ መቀየር አለበት። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ያገለገሉ መኪኖች ባለቤቶች የመሪው ማያያዣ በባለሙያ እንዲታይላቸው ቢያደርጉ ይመረጣል። እንደ አይሱዙ ባሉ ፊታቸው በወጥ አክስል ላይ በተሠራ የጭነት መኪኖች በመደበኛነት የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፤ ካምበሩ ከተዛባ የአክስሉ መጉበጥ ወይም የሌላ ክፍል መበላት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያሻዋል።

ባለንብረቱ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ የተነበበውን ልኬት በወረቀት ታትሞ እንዲሰጠው መጠየቅ ይገባዋል። ልኬቱ የሚመዘነው በዚያው ሞዴል የአምራች መመሪያ እንጂ በግምት አይደለም። ጠንካራ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ከተመታ፣ ጎማ ወይም የመሪ ክፍል ከተቀየረ በኋላ አላይመንት በድጋሚ ይታያል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይህን አይተካም። መሣሪያው በተሟላላቸው የምርመራ ተቋማት ተሽከርካሪው በሰሌዳ ላይ ሲያልፍ የጎማው የጎን መንሸራተት ይለካል፤ ይህ በዋናነት ቶን የሚያሳይ በመሆኑ ስለ ካስተር የሚናገረው ጥቂት ነው። ቦሎ የተለጠፈበት ተሽከርካሪም በማግስቱ ጉድጓድ ሊመታ ይችላል።