ተረትና እውነታ፦ የሠራተኛው መንገድ የቀጣሪውም ጉዳይ ነው

ጠዋት ከጭሮ መናኸሪያ ወደ መሰላ፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ ከሚሳፈሩት መካከል መምህራን፣ ነርሶችና የባንክ ሠራተኞች አይታጡም። ባቡሩ በሚኤሶ በኩል ቆላውን ይዞ ስለሚያልፍ፣ የደጋው ከተሞች ሰው አማራጩ መኪና ብቻ ነው። ሠራተኛው እንዴት እንደሚመጣ ሲጠየቅ ግን ብዙ ቀጣሪ «የራሱ ጉዳይ ነው» ይላል። መልሱ የቆመባቸውን አምስት እምነቶች እንፈትሽ።

ተረት 1፦ «የሕዝብ ትራንስፖርት ማለት አንበሳ አውቶቡስና የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው፤ እኛ ጋ የለም።»

እውነታ፦ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ቅጥቅጡም የሕዝብ ትራንስፖርት ናቸው። ልዩነቱ እዚህ መኪና የሚነሳው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ መሆኑ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ የሚጣራውም ለዚህ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ 12 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ሚኒባስ የሚሞላ ሰው በእጁ አለ። ተበታትነው ከመጡ ሁሉም ይጠብቃሉ፤ በአንድ ሰዓት ከተገናኙ መኪናው ወዲያው ይወጣል። ሰዓቱን ከሠራተኞቹና ከተራ አስከባሪዎች ጋር መነጋገር ለቀጣሪው ምንም ወጪ የለውም።

ተረት 2፦ «ቀጣሪ መርዳት የሚችለው ሰርቪስ ከገዛ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞችን ጠዋትና ማታ በነጻ የሚያመላልሱት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች ይህን ግምት ሳያጠናክሩት አልቀሩም። ለአነስተኛ ድርጅት ግን መኪና ማለት ሾፌር፣ ነዳጅ፣ ጎማና ጋራዥ ነው። ታሪፍ መጋራት ይቀልላል። ብራዚል በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት ሠራተኛው ለመጓጓዣ ከመነሻ ደመወዙ እስከ 6 በመቶ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጣሪው ይከፍላል። በፈረንሳይም ቀጣሪ የሠራተኛውን የጉዞ ደንበኝነት ክፍያ ግማሽ የመሸፈን ግዴታ አለበት። ሁለቱም ቀጣሪውን አውቶቡስ ግዛ አላሉትም።

ተረት 3፦ «መኪና ከተከራየሁላቸው መንገድ ላይ ለሚደርሰው ተጠያቂው ባለንብረቱ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ ጉዳት እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። ስለዚህ ኮንትራት ከመፈረም በፊት መንጃ ፈቃዱን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ማየት፣ ትርፍ መጫንንም በውሉ መከልከል ያስፈልጋል።

ተረት 4፦ «አበል መስጠት ለግብር መዳረግ ነው።»

እውነታ፦ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የመጓጓዣ አበልን ከግብር ነጻ ከሆኑ ገቢዎች መካከል አስቀምጦታል፤ ጣሪያው የሚወሰነው በመመሪያ ነው። 100 ብር በደመወዝ ላይ ቢጨመር ከፊሉ በግብርና በጡረታ መዋጮ ሊቀነስ ይችላል። በመጓጓዣ አበል ሲሰጥ፣ ጣሪያውን እስካላለፈ ድረስ፣ ሙሉው ሠራተኛው ኪስ ይገባል። መመሪያ ስለሚለዋወጥ የወቅቱን ጣሪያ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መወሰን ነው።

ተረት 5፦ «የሚያረፍድ ሁሉ ሰነፍ ነው።»

እውነታ፦ መኪናው ሲሞላ በሚነሳበት አገር በማለዳ መናኸሪያ የደረሰም ሊያረፍድ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓቱ የተወሰነ ነው። የግል ድርጅት ግን ሕጉ ያስቀመጠለት ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ሁሉም 2፡30 ይግባ አይልም። መግቢያውን ሚኒባሱ ከሚደርስበት ሰዓት ጋር ማስማማት፣ የዓርቡንም ፕሮግራም ከጁምዓ ሰላት ጋር አይቶ ማውጣት ይቻላል። ከባዱ የማታው ፈረቃ ነው፤ መኪና ያጣሁ እንደሆነስ ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ በተለይ ሴት ሠራተኛ፣ በሕዝብ ትራንስፖርት አይተማመንም። ለሚያመሹት ብቻ ከሚታወቅ ባለባጃጅ ጋር ተዋውሎ ሒሳቡን ድርጅቱ ቢከፍል፣ ወጪው በጥቂት ሰዎች ላይ ይወሰናል።

መጀመር ለሚፈልግ ቀጣሪ አንድ ወረቀት ይበቃዋል፦ ማን ከየት ሰፈር እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳና በቀን ስንት ብር እንደሚያወጣ ይጻፍበት። ሰዓት ማስተካከል ይሻል ወይስ ታሪፍ መጋራት ወይስ ኮንትራት መያዝ የሚለው የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው።