«ተሳስቻለሁ» ያሉት ዳኛ

ዳኛ የማይሳሳትበት ጨዋታ እስካሁን በዓለም ላይ አልተገኘም። የእግር ኳስ ወዳጆች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ከስታዲየም ሲወጡ ከገባው ግብ ይልቅ ያልተነፋውን ፊሽካ አብዝተው ያወራሉና። ነገር ግን አሠልጣኝና ዳኛ አፍንጫ ላፍንጫ ገጥመው ሲጯጯኹ፣ ሕዝቡም ይህን ጠብ እንደ ጨዋታው አንድ ክፍል ቈጥሮ ሲደሰትበት ለማየት የፈለገ ሰው ወደ አሜሪካው ቤዝቦል መሄድ አለበት። ዛሬ የምናወጋው ስለዚሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መኾኑን ግን አስቀድመን እንናገራለን።

የገና ጨዋታን የሚያውቅ አንባቢያችን የቤዝቦልን ዱላና ኳስ ሲያይ ዘመድ ያገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ሥርዐቱ ግን ሌላ ነው። ከአንዱ ቡድን ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ ከሌላው ቡድን መቺው ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል። ኳሱ ከመቺው ጕልበት እስከ ደረቱ ባለው ከፍታ፣ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ካለፈ «ስትራይክ» ይባላል፤ ከዚያ ከወጣ ደግሞ «ቦል» ይባላል። ሦስት ስትራይክ የተቈጠረበት መቺ ይወጣል፤ አራት ቦል ያገኘ ግን ያለ ድካም ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። ይህን የሚለየው ከመቺው በስተ ጀርባ፣ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ያጐነበሰው ዳኛ ነው። ኳሱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል፤ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም። ዳኛው እንግዲህ በዚህች ቅጽበት አይቶ፣ መዝኖ፣ በሠላሳና በአርባ ሺሕ ሕዝብ ፊት ፍርዱን በጩኸት ይናገራል። ይኸን ደግሞ በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ያደርገዋል። እንኳን ሰው፣ ንስርም ቢኾን አንዳንዴ ይስታል።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን ይላል? በዐይን አይቶ የተሰጠ ፍርድ የመጨረሻ ነው ይላል። ስትራይክ ነው ወይስ ቦል ነው ብሎ መከራከር ክልክል ነው፤ ከቦታው ተነሥቶ ለመሟገት የመጣ ሁሉ ከሜዳ ይባረራል። ይህን የማያውቅ ተጫዋች የለም። ኾኖም የአትላንታው አሠልጣኝ ቦቢ ኮክስ በሥራ ዘመናቸው ከ150 ጊዜ በላይ ተባርረዋል፤ ከእርሳቸው የሚበልጥ እስካሁን አልተገኘም። እንዲህ ያለው አሠልጣኝ ዘወትር በንዴት ብቻ የሚወጣ እንዳይመስለን። ተጫዋቹ ከዳኛው ጋራ መጨቃጨቅ ሲጀምር አሠልጣኙ ሮጦ በመካከላቸው ይገባና ቍጣውን በራሱ ላይ ያዞራል፤ እርሱ ቢባረር ቡድኑ አይጐዳም፣ ተጫዋቹ ቢባረር ግን ይጐዳልና። አለቃ ማለት እንዲህ ነው ብንል ማጋነን አይኾንብንም።

የቀድሞ ዳኞችም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከ1905 እስከ 1941 የዳኙት ቢል ክሌም ክርክሩ ሲበዛባቸው በጫማቸው ጫፍ መሬት ላይ መሥመር ያሰምሩ ነበር። መሥመሩን ያለፈ ይባረራል። ከመሥመሩ ወዲያ ኾኖ ግን እስኪበቃው ቢጮኽ ግድ የላቸውም። ሁሉም ተጫዋች ግን መሥመር አያከብርም። በ1917 ቤብ ሩት የሚባለው ዝነኛ ገና የቦስተን ወርዋሪ ሳለ፣ ለመጀመሪያው መቺ አራት ቦል ተቈጠረበት ብሎ ከዳኛው ጋራ ተጣላ፤ ተባረረ፤ ተመልሶም ዳኛውን በቡጢ መታ። 100 ዶላር ተቀጣ፣ ለጥቂት ጊዜም ታገደ። በእርሱ ቦታ የገባው ኧርኒ ሾር ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ቤዝ ላይ ሳያስቀር ጨዋታውን ጨረሰው። ተባራሪው ቢያፍር ይገባው ነበር።

እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት ላሉ ወጣቶች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ዳኛው ያየውን በማየት ቢሳሳት ይግባኝ አልነበረም። ሕጉን በመተርጐም ቢሳሳት ግን፣ በ2020 እስኪቀር ድረስ፣ ይግባኝ ነበረ። የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ሐምሌ 24 ቀን 1983 በኒውዮርክ የኾነው ነው። የካንሳስ ሲቲው ጆርጅ ብሬት ቡድኑ 4 ለ 3 ተበልጦ ሳለ በዘጠነኛው ክፍለ ጨዋታ ኳሱን ከሜዳ ውጪ አወጣው፤ ሁለት ነጥብ ተቈጠረና ቡድኑ 5 ለ 4 መራ። የኒውዮርኩ አሠልጣኝ ቢሊ ማርቲን ግን ብቅ ብለው የብሬት ዱላ ይታይልኝ አሉ። መቺዎች እጃቸው እንዳይንሸራተት ዱላቸውን የጥድ ሙጫ ይቀቡታል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከእጀታው ጫፍ እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዳኛው ሚስተር ቲም ማክሌላንድ መለኪያ ስላልነበራቸው ዱላውን በነጩ ሰሌዳ ላይ አጋድመው ለኩት። ሙጫው አልፎ ተገኘ። «ወጣ» ተባለ፤ ካንሳስ ሲቲም ተሸነፈ ተባለ። ብሬት ከተቀመጠበት ዘልሎ ዐይኑ እንደ ፍም እየቀላ ወደ ዳኛው ሮጠ፤ ጓደኞቹና ሌሎቹ ዳኞች ባይይዙት ኖሮ ምን ይኾን እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ካንሳስ ሲቲ ይግባኝ አለ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሚስተር ሊ ማክፌይል መርምረው፣ ሙጫ ኳስን አያስረዝምም፣ የሕጉም ዓላማ የመቺውን ነጥብ መሠረዝ አይደለም፣ ቅር የተሰኘ ሰው ቢኖር ዱላው አስቀድሞ መነሣት ነበረበት ብለው ፍርዱን ሻሩት። ጨዋታው ነሐሴ 18 ቀን ካቋረጠበት ቀጠለና ካንሳስ ሲቲ 5 ለ 4 አሸነፈ። ነገር ግን ብሬት በዚያ ቀን አልተጫወተም። ይግባኙን የተቀበሉት እኚሁ ፕሬዚዳንት፣ በዳኛው ላይ ስላሳየው ዐመፅ እንደ ተባረረ ይቈጠር ብለው ፈርደውበት ነበርና። አቤቱታው እውነት መኾኑ አንድ ነገር ነው፤ አቤት የተባለበት መንገድ ሌላ ነገር ነው። እኛ ከዚህ የተሻለ ብያኔ በስፖርት ዓለም አላየንም።

የባሰውን ለማየት ግን ወደ ቶሮንቶ እንሂድ። መስከረም 27 ቀን 1996 የባልቲሞሩ ሮቤርቶ አሎማር ሦስተኛ ስትራይክ ተቈጠረብኝ ብሎ አጕረመረመ፤ ዳኛው ሚስተር ጆን ሂርሽቤክ አባረሩት። ክርክሩ ጋለና አሎማር በዳኛው ፊት ላይ ምራቁን ተፋ። ይህ ሳይበቃው ከጨዋታው በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ዳኛው ልጃቸው ከሞተ ወዲህ መራራ ሰው ኾነዋል አለ። በእርግጥም ሚስተር ሂርሽቤክ በ1993 የስምንት ዓመት ልጃቸውን በአንጐል በሽታ ቀብረው ነበር፤ ሌላው ልጃቸውም በዚያው በሽታ ተይዞ ነበር። በማግስቱ ይህን ሲሰሙ አሎማርን ፍለጋ ወደ ተጫዋቾቹ ክፍል ዘልቀው ገቡ፤ ሰዎች ያዟቸው።

የተሰጠው ቅጣት የአምስት ጨዋታ እገዳ ነበር። እርሱም የሚፈጸመው በሚቀጥለው ዓመት! አሎማር በማግስቱ ተጫወተ፤ ቡድኑን ወደ ፍጻሜው ውድድር ያሳለፈችውንም ኳስ እርሱ መታት። ዳኞቹ ይህን ባዩ ጊዜ አንዳኝም ብለው አደሙ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በእኛ አስተያየት ዳኞቹ እውነት ነበራቸው። ቅጣት ለሚመቸው ጊዜ የሚቀጠር ከኾነ ቅጣት መባሉ ቀርቶ የዕረፍት ፈቃድ ይኾናል። የኾነ ኾኖ አሎማር ይቅርታ ጠየቀ፤ ለዚያ በሽታ ምርምር 50 ሺሕ ዶላር ሰጠ፤ በ1997 የጸደይ ወራትም ሁለቱ በሜዳ ላይ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ከዚያም ወዳጆች እስከ መኾን ደረሱ።

አሁን ወደ ርእሳችን ደርሰናል። በቤዝቦል «ፍጹም ጨዋታ» የሚባል ነገር አለ። አንድ ወርዋሪ 27 መቺዎችን በተራ አስወጥቶ አንዱንም ቤዝ ሳያስረግጥ ሲጨርስ ነው። እስከ ሰኔ 2010 መጀመሪያ ድረስ፣ ከመቶ ዓመት በሚበልጥ ታሪክ ውስጥ ይህን ያደረጉት 20 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሰኔ 2 ቀን በዲትሮይት ከተማ አርማንዶ ጋላራጋ የተባለ የ28 ዓመት የቬኔዝዌላ ተወላጅ 26 ክሊቭላንዳውያንን በተራ አስወጣ። ዝነኛ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆሟል። 27ኛው መቺ ጄሰን ዶናልድ ኳሱን በምድር ላይ አንከባለለው፤ ሚጌል ካብሬራ አነሣና ወደ አንደኛው ቤዝ ለሮጠው ለጋላራጋ ወረወረለት። ጋላራጋ ኳሱን ይዞ ቤዙን ረገጠ። ዶናልድ አንድ እርምጃ ያኽል ቀርቶት ነበር። ዳኛው ሚስተር ጂም ጆይስ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ጐን ዘርግተው «ደርሷል!» ብለው ፈረዱ።

ካብሬራ ራሱን ያዘ። አሠልጣኙ ጂም ሌላንድ ሮጠው መጡ። ተጫዋቾቹ ጮኹ። ጋላራጋ ፈገግ አለ። ይህች ፈገግታ በፊልም ተቀርጻለች፤ እኛም ደጋግመን አይተናታል፤ የምጸት አይደለችም፤ ተገርሞ ምን ይደረጋል እንደሚል ሰው ፈገግታ ናት። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ የሚቀጥለውን መቺ አስወጣና ቡድኑ 3 ለ 0 አሸነፈ።

ሚስተር ጆይስ ከሃያ ዓመት በላይ የዳኙ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ወደ ክፍላቸው ገብተው ፊልሙን አዩ። ሌላ ሰው ቢኾን በሩን ዘግቶ፣ የዳኛ ፍርድ የመጨረሻ ነው በሚለው ሕግ ይጠለል ነበር፤ ማንም አያስገድደውምና። እኛ ተማሪዎች ሳለን እንኳ የተሳሳተ ማርክ አይተው «አንዴ ተጽፏል» ያሉን መምህር ነበሩ። ሚስተር ጆይስ ግን ጋዜጠኞቹን ተቀብለው፣ ያን ልጅ ፍጹም ጨዋታውን ያሳጣሁት እኔ ነኝ፤ ደርሷል ብዬ አምኜ ነበር፤ ፊልሙን እስካይ ድረስ አላወቅሁም አሉ። ጋላራጋንም አስጠርተው ዐይናቸው እንባ እንዳዘለ ይቅርታ ለመኑት። ወጣቱ ዐቀፋቸው። በኋላም ሲጠየቅ፣ ፍጹም የኾነ ሰው የለም፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ሳይጐዱ አልቀሩም ብሎ መለሰ።

ሕዝቡ ግን እንደ ጋላራጋ አልነበረም። በዚያች ሌሊት ለሚስተር ጆይስ ቤተ ሰብ ስድብና ዛቻ ይጐርፍ ጀመር። በማግስቱ ቀን ጨዋታ ስለ ነበር፣ ተራውም ከሰሌዳው በስተ ጀርባ የእርሳቸው ስለ ነበር፣ ዛሬ ይቅርብዎ ተባሉ፤ አልቀርም አሉ። ከጨዋታው በፊት የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ለዳኛው ማስረከብ የአሠልጣኙ ሥራ ነው። ሚስተር ሌላንድ ግን ወረቀቱን ለጋላራጋ ሰጥተው ላኩት። ሚስተር ጆይስ ወረቀቱን ሲቀበሉ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ሕዝቡም አጨበጨበ። በዚያው ወር ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን 100 ተጫዋቾችን ስማቸውን ሳይገልጽ ከሁሉ የሚበልጠው ዳኛ ማን ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ብልጫ ያገኙት ሚስተር ጆይስ ኾኑ።

የቤዝቦል ኮሚሽነር ሚስተር ባድ ሴሊግ ፍርዱን አልለወጡትም። በ2014 ግን እንዲህ ያለ ፍርድ በፊልም እንዲመረመር አሠልጣኙ የሚጠይቅበት ሕግ ወጣ። ስትራይክና ቦልም ቢኾን ከ2026 ጀምሮ በመሣሪያ እንዲጣራ በ2025 ተወስኗል። ወርዋሪው፣ ቀላቢው ወይም መቺው ቆቡን መታ መታ አድርጎ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የመጠየቅ መብት አለው፤ ትክክል ኾኖ ከተገኘ መብቱ አይቀነስበትም። አቤቱታ ያለ ጩኸት የሚቀርብበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ጥቂት የቀድሞ ወዳጆች ጠቡ ሊቀርብን ነው ብለው ማዘናቸውን ሰምተናል፤ እኛ ግን ፍርድ እንደ ትርኢት የሚታይ አይመስለንም።

በ2022 ደግሞ ሞንማውዝ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕግና ኅብረተ ሰብ የሚማሩ ተማሪዎች፣ የጋላራጋ ጨዋታ ፍጹም ተብሎ ይመዝገብ ሲሉ ጥናት ጽፈው አቅርበው ነበር። መዝገቡ አልተለወጠም፤ ዛሬም የሚለው ጋላራጋ አንድ ኳስ ተመትቶበታል ነው።

ሁለቱ ሰዎች በ2011 ታሪካቸውን አንድ ላይ ኾነው በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ጋላራጋ ወደ አሪዞና ቡድን ተዛውሮ ነበር። የቤዝቦሉም አስተዳደር፣ ዳኛውና ተጫዋቹ የገንዘብ ሽርክና አላቸውና ሚስተር ጆይስ የአሪዞናን ጨዋታ እንዳይዳኙ ሲል ወሰነ።