‹‹በባትሪ አየሁት›› ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ባትሪ ነው፡፡ ስለ መኪናው ወይም ስለ ስልኩ ባትሪ አይደለም፤ ዘበኞቻችን ሌሊት በእጃቸው ይዘውት ስለሚዞሩት ባትሪ ነው፡፡ ‹‹የሕግ ሰው ስለ ባትሪ ምን አገባው?›› የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፡፡ እኔም ብሆን በምኖርባት በቃሊቲ የገጠመኝ ነገር ባይኖር ኖሮ ነገሬ ብዬ አላስበውም ነበር፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ ሌሊት የዕድራችን መጋዘን ተሰበረ፡፡ ሁለት ትልልቅ ድስቶችና አንድ ድንኳን ተወሰዱ፡፡ የዕድር ንብረት ሲሰረቅ የአንድ ሰው ንብረት እንደተሰረቀ አይቆጠርም፤ ነገ ሐዘን የሚደርስበት ሁሉ እንደተዘረፈ ይሰማዋል፡፡ ሰፈሩ በቁጣ ነደደ፡፡ ዘበኛችን ‹‹አጥሩን ሲዘል በባትሪ አብርቼበት ፊቱን አየሁት›› ብለው በሥራ ፈትነቱ ስሙ ሲነሳ የኖረን አንድ የሰፈር ልጅ ጠሩ፡፡ የዕድሩ ዳኛ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ‹‹አንተ ሕግ የተማርክ ነህ፣ ማመልከቻውን አንተ ጻፍልን›› ብለው እኔ ዘንድ መጡ፡፡

እኔም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፡- ‹‹ከጥበቃ ቤቱ እስከ አጥሩ ስንት ሜትር ነው?›› ማንም አያውቅም፡፡ በሜትር ለካነው፡፡ 84 ሜትር ሆነ፡፡ ዘበኛችን ግን ባትሪያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ፡፡ ካርቶኑ ላይ ‹‹90,000 ሉመን፣ 1,000 ሜትር›› ተብሎ ተጽፏል፡፡ አንድ ሺሕ ሜትር የሚያበራ ባትሪ ለ84 ሜትር እንዴት ያንሳል? ክርክሩ ያበቃ መሰለ፡፡

ማመልከቻውን ከመጻፌ በፊት ግን እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ ለማወቅ ተቀመጥኩ፡፡ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፡፡

ስለ ባትሪ ብርሃን ስንነጋገር ሦስት መለኪያዎች አሉ፡፡ የመጀመሪያው ሉመን ነው፤ ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ማለት ነው፡፡ ሁለተኛው ካንዴላ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ ይገልጻል፡፡ አንድ ካንዴላ የአንድ ሻማ ብርሃን ያህል ነው፡፡ ሦስተኛው ሉክስ ነው፤ እሱም የሚበራበት ነገር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው፡፡ አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሉክስ ይሰጣል፡፡

በውሃ ብንመስለው፣ ሉመን ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ ሁሉ ነው፤ ካንዴላ የጎማው ጫፍ ተጨምቆ የሚወነጨፍበት ኃይል ነው፤ ሉክስ ደግሞ እዚያ ማዶ ያለችው አበባ ላይ የደረሰው ጠብታ ነው፡፡ ሰፊ ክብ የሚያበራ ባትሪ ብዙ ሉመን ኖሮት ሩቅ ላይደርስ ይችላል፡፡ ጉድጓድ ያለ ሰፊ መስታወት ያለው ባትሪ ደግሞ በጥቂት ሉመን ሩቅ ይደርሳል፡፡ ለጓሮና ለጭቃ መንገድ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለአጥር ጥግ ሁለተኛው፡፡

ርቀት ሲጨምር ግን ሁሉም ይሸነፋሉ፡፡ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፡፡ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው አንድ መቶኛው ነው፡፡ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ይግባኝ የለውም፡፡

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ፡፡ የአሜሪካ አምራቾች በ2009 እ.ኤ.አ. ኤፍ.ኤል. 1 የተባለ መለኪያ አውጥተዋል፡፡ በዚህ መለኪያ ‹‹ይህን ያህል ሜትር ያበራል›› የሚባለው ብርሃኑ ወደ ሩብ ሉክስ እስኪወርድ ያለው ርቀት ነው፡፡ ሩብ ሉክስ ማለት ደግሞ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል፣ ወይም ሁለት ሜትር ላይ የተቀመጠ የአንድ ሻማ ብርሃን ማለት ነው፡፡ እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐቀኛው አምራች እንኳ ‹‹400 ሜትር›› ሲል ‹‹400 ሜትር ላይ የጨረቃ ያህል ብርሃን ይደርሳል›› ማለቱ እንጂ ‹‹400 ሜትር ላይ ሰው ትለያለህ›› ማለቱ አይደለም፡፡

ሐቀኛ ያልሆነውማ ሌላ ነው፡፡ 90,000 ሉመን ለማውጣት፣ በጥሩ ኤል.ኢ.ዲ. በአንድ ዋት 150 ሉመን ብናስብ፣ 600 ዋት ያስፈልጋል፡፡ የትንሽ ምድጃ ጉልበት ነው፡፡ የዘበኛችን ባትሪ የሚጎርሰው አንዲት ቻርጅ የምትደረግ ድንጋይ ናት፡፡ ጥሩ የተባለችው የዚህ ዓይነት ድንጋይ የምትይዘው ወደ 12.6 ዋት ሰዓት ነው፡፡ በ600 ዋት ብትሠራ ከአንድ ደቂቃ ከሩብ በኋላ ባዶ ትሆናለች፤ ከዚያ በፊትም እጅ ታቃጥላለች፡፡ ስለዚህ ካርቶኑ ሐሰት ነው፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን የከለከለው እንዲህ ላለው ነገር ነበር፡፡ ነገር ግን ስለ አንድ ባትሪ ማን ክስ ይመሠርታል?

ወረቀት ላይ ያገኘሁትን ሜዳ ላይ ለመፈተን ወሰንኩ፡፡ ለዚህ ደግሞ ቃሊቲ ትመቻለች፡፡ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለባት፣ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት አባ ሳሙኤል ግድብም በቅርብ ርቀት የሚገኝባት አካባቢ ናት፡፡ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል ግን እኛም ከነጣቢያችን ጨልመን ነበር፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፡፡ ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ እንኳ ከዋናው መንገድ ገባ ያሉት ውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን የመንገድ መብራት ይናፍቃሉ፡፡ ባትሪ ከኪሳችን የማይጠፋውም ለዚህ ነው፡፡

ጨረቃ በሌለበት ምሽት አራት ባትሪዎች ሰበሰብኩ፡፡ አንደኛው አሮጌ ባለ ሁለት ድንጋይ፣ ባለ አምፖል ባትሪ ነው፡፡ ሁለተኛው ብዙ ትናንሽ መብራቶች የተደረደሩበት፡፡ ሦስተኛው የዘበኛችን፣ ጫፉ ሲሳብ ብርሃኑ የሚሰበሰበው፡፡ አራተኛው ከጎረቤት የተዋስኩት፣ ትልቅ ራስ ያለው፡፡ እያንዳንዱን አምስት ሜትር ላይ ወደ ስልኬ አበራሁና ስልኩ ያነበበውን ሉክስ በ25 አባዛሁ፤ ካንዴላው የሚገኘው እንዲያ ነው፡፡ የስልክ መለኪያ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አይደለም፤ አራቱን ለማወዳደር ግን ይበቃል፡፡ በተራቸው 1,000፣ 2,500፣ 9,000 እና 40,000 ካንዴላ ሆኑ፡፡ የጨረቃ ያህል ብርሃን የሚያደርሱበት ርቀት ሲሰላ 63፣ 100፣ 190 እና 400 ሜትር ነው፡፡ ‹‹አንድ ሺሕ ሜትር›› የተባለው 190 ሆነ ማለት ነው፡፡

ይህም ቢሆን 190 ከ84 ይበልጣል፡፡ ታዲያ ዘበኛው ልክ አይደሉም?

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፡፡ ‹‹ሰው መኖሩን ማየት›› እና ‹‹ሰውየውን መለየት›› ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ የኔዘርላንድስ የሥነ ልቦና ምሁር ዊለም ዋገናር ከባልደረባ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ምስክር የሰውን ፊት ለይቶ አየ ለማለት ርቀቱ ከ15 ሜትር ባይበልጥ፣ ብርሃኑም ከ15 ሉክስ ባያንስ ብለው ለፍርድ ቤቶች መመዘኛ አቅርበዋል፡፡ 15 ሉክስ አንድ ሻማ ከአንድ ስንዝር እምብዛም ካልራቀ ቦታ የሚሰጠው ብርሃን ነው፡፡ አራቱ ባትሪዎች ይህን የሚሰጡት እስከ 8፣ እስከ 13፣ እስከ 24 እና እስከ 52 ሜትር ብቻ ነው፡፡ በአጭሩ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሜትር፣ እውነተኛ ከሆነ፣ ለስምንት ያህል አካፍሉት፡፡ የዘበኛችን ባትሪ 84 ሜትር ላይ የሚያደርሰው ከአንድ ሉክስ ትንሽ የበለጠ ነው፡፡

ስሌቱ ለዕድራችን ሽማግሌዎች አልተዋጠላቸውም፤ አልፈርድባቸውም፡፡ ስለዚህ አምስት የሰፈር ልጆች፣ ተጠርጣሪውን ጨምሮ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሰው አጥሩ ሥር እንዲቆሙ አደረግን፡፡ ዘበኛችን አምስቱንም ከሕፃንነታቸው ያውቋቸዋል፡፡ በራሳቸው ባትሪ አብርተው ከግራ ወደ ቀኝ እንዲጠሯቸው ጠየቅናቸው፡፡ ከአምስቱ አንዱን አገኙ፡፡ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢገምቱም በአማካይ አንዱን ያገኙ ነበር፡፡ በትልቁ ባትሪ ሁለቱን ለዩ፡፡ ልጆቹ ወደ 40 ሜትር ሲቀርቡ በራሳቸው ባትሪ ሦስቱን፡፡ 15 ሜትር ላይ አምስቱንም ያለ ስህተት ጠሩ፡፡ እነዚህ ልጆች ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው የቆሙ ናቸው፡፡ ሌባው ግን ድንኳን ተሸክሞ አጥር የሚዘል ነበር፡፡

ሽማግሌው ባትሪውን አጠፉና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፡፡ ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ዋሽተዋል ያለ የለም›› አልኳቸው፡፡ ‹‹ጌታዬ፣ ሰው ማየቱንስ አይቻለሁ፤ እሱ መሆኑን ግን ልቤ ነው የነገረኝ›› አሉ፡፡

ይህ ቃል ብዙ ነገር አስታወሰኝ፡፡ በ1858 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ አንድ ምስክር ግድያውን ሌሊት ከ150 ጫማ ርቀት፣ ማለትም ከ45 ሜትር ገደማ፣ በጨረቃ ብርሃን እንዳየ ተናገረ፡፡ ጠበቃው አብርሃም ሊንከን የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ ገልጦ ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ወደ መጥለቂያዋ እንደነበረች አሳየ፤ ተከሳሹም ነፃ ወጣ፡፡ የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1976 እ.ኤ.አ. ተርንቡል በተባለው መዝገብ፣ ምስክሩ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ዓይነት ብርሃን እንዳየ ሳይመረመር በዓይን ምስክር ብቻ ከመፍረድ ዳኞች እንዲጠነቀቁ አዟል፡፡ ምክንያቱም የሚሳሳት ምስክር ከሚዋሽ ምስክር ይበልጥ አሳማኝ ነው፤ እሱ ራሱ አምኖበታልና፡፡

እኛም ዘንድ በቀድሞው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር፡፡ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፡፡ ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን፡፡ ነገር ግን 84 ሜትር ላይ የተወረወረ ደካማ ብርሃን፣ ድሮም በምንጠረጥረው ልጅ ላይ ቢወድቅ፣ ከሌባ ሻይ በምን ይለያል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው የሚለው ስሙ ያማረውን ብቻ ለመጠበቅ አይደለም፡፡

ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ የማንም ስም ግን አልገባበትም፡፡ ‹‹ማንነቱ ያልታወቀ ሰው›› ይላል፡፡ ድስቶቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም፡፡ የተጠረጠረው ልጅ እናት ግን በዕድሩ ስብሰባ ላይ እንደ ቀድሞው ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ፡፡

ባትሪ ለምትገዙ ሰዎች ምክሬ አጭር ነው፡፡ በካርቶኑ ሉመን አትመኑ፤ ከሱቁ ወጥታችሁ በጨለማ ሁለቱን ጎን ለጎን አብርታችሁ አወዳድሩ፡፡ በጭጋግና በአቧራ ጊዜ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ስለሚመታ ባትሪውን ከዓይናችሁ ዝቅና ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፡፡ ሰው መለየት የምትፈልጉበት ቦታ ላይ፣ በር ላይ ወይም መጋዘን ላይ፣ ከባትሪ ይልቅ ቋሚ መብራት ስቀሉ፡፡ ዕድራችንም እንዲሁ አደረገ፡፡

ለዘበኞቻችን ደግሞ፣ ሌሊት አጥር ላይ ጥላ ስታዩ አባቶቻችን እንደሚሉት ‹‹በሕግ አምላክ!›› በሉ፡፡ ስም መጥራቱ ግን 15 ሜትር እስኪቀርብ ይቆይ፡፡