ከአዋጁ የቀደመ ትእይንት

ተውኔት የአገርን ሕግና የመንግሥትን ሥራ ጉዳይ አድርጎ ሲነሣ ከሌላው ተውኔት የሚለይበት ጠባይ፣ በመድረክ የተጀመረው ነገር ፍጻሜውን የሚያገኘው ተመልካቹ ወደ ቤቱ ገብቶ ከቤተ ሰቡ ጋር በሚመክርበት ጊዜ መሆኑ ነው። የዘመናዊ ተውኔታችን ጀማሪ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሊቅ ነበሩ፤ ከዚያ አስቀድሞ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን በእንስሳት አንደበት የሹማምንቱን ምግባር የገለጠው ተውኔታቸው «የአውሬዎች ኮመዲያ» ግን፣ የተነቀፈው ወገን የመከልከልም ሥልጣን ስለ ነበረው፣ ዕድሜው አጭር ሆነ።

በከምባታ የሆነው ከዚህ ይለያል። ከሆሳዕና በስተ ደቡብ በምትገኘው በዱራሜ አካባቢ፣ የአገሩ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ማኅበር በ1989 ዓ.ም. ሲመሠርቱ ዓላማቸው የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ቢሆንም፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ስለ ነበረ ድልድዩ ተሠራ። ከዚያም ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ጎረምሳ በአንድነት ተቀምጠው፣ ስብከት ሳይሆን ጥያቄ እየተሰጣቸው፣ ወራት የፈጀ ምክክር አደረጉ።

ምክክሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሠርግ ተገለጠ። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም በሚባልበት አገር፣ ሙሽራዪቱ በነጭ ልብሷ ላይ ያልተገረዘች መሆኗን የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥላ፣ ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ ደስ ያለው መሆኑን በደረቱ ላይ አስነብቦ፣ ያልተገረዙ ልጃገረዶች አጅበዋቸው በሕዝብ ፊት ቆሙ። ደራሲና መጋረጃ ባይኖረውም ተውኔት ብዬ ለመጥራት አላመነታም፤ እንዲያውም ተዋናዮቹ የሚኖሩትን እንጂ የተዋሱትን ሕይወት ስላላሳዩ፣ በቲያትር ቤት ካየኋቸው ብዙ ድርሰቶች ይልቅ ኃይል ያለው ሆኖ አገኘዋለሁ። አባቶች የሚፈሩት የልጃቸው ያለ ባል መቅረት ነበርና፣ መልሱን ከማንም ቃል ሳይሆን በዓይናቸው ካዩት ሙሽራ ተቀበሉ። ግርዛትን በቅጣት የሚከለክለው የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ከዚህ በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው።

የሆሳዕናና የዱራሜ የኪነት ወጣቶች ሆይ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሥራ ፍለጋ ስደት ድርሰት ስታዘጋጁ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሕዝቡ የሚፈራውን ጠይቁ፤ በፊተኛው ረድፍም ሐሳባችሁን የሚቃወሙትን አስቀምጡ።