ጀሪካኗን ማን አስጠጋት?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ስደተኞች ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡባቸው የድንበር ከተሞች አንዷ ኩርሙክ ናት። ካሜራም ተከትሏቸዋል። አንድ ፎቶ አንሺ ባዶ ጀሪካን ወደ አንድ ስደተኛ ሕፃን እግር ቢያስጠጋ፣ እናቲቱንም «አቀርቅሪ» ቢላት ምን ይጎዳል? ብዙ ይጎዳል። በ1936 እ.ኤ.አ.፣ በድርቅ ወቅት፣ አሜሪካዊው የመንግሥት ፎቶ አንሺ አርተር ሮትስታይን በሳውዝ ዳኮታ ያገኘውን የከብት ራስ ቅል ጥቂት ሜትሮች አንቀሳቅሶ አነሳ። ድርቁም የራስ ቅሉም እውነት ነበሩ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተቃዋሚዎች ግን ይህችኑ ማንቀሳቀስ ይዘው መንግሥት ድርቁን አጋንኗል ሲሉ ወነጀሉ። ትንሿ ማስተካከያ እውነተኛውን ችግር ለጥርጣሬ አሳልፋ ሰጠች።

«ችግሩ እውነት ከሆነ፣ እርዳታም ካስገኘ ምን አለበት?» የሚለው ሙግት ከርኅራኄ የመነጨ ነውና አልንቀውም። ሆኖም አንዱ ፎቶ መቀነባበሩ ሲታወቅ ተአማኒነት የሚያጣው ፎቶ አንሺው ብቻ ሳይሆን ነገ ድንበር የምትሻገረው እናትም ናት። «የት ልቁም ብሎ መምረጥስ ያው ማስተካከል አይደለም?» ይባላል። አይደለም፤ አንዱ የራስን እግር ማንቀሳቀስ ነው፣ ሌላው የሰውን ሕይወት። ተዘጋጅተው የሚነሱት የቁም ፎቶ ነውር የለውም፤ ተመልካቹ ያውቀዋልና። ወደ ኩርሙክ የምትዘልቁ ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ ጀሪካኗን ባለችበት ተዉአት።